ከጣሪያችን በላይ የነበረው ሰው

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ክረምቱ ወጥቶ ይሁን ሊወጣ ሲል፣ አደይ ፈንድቶ ይሁን ገና ጭቃው ሳይደርቅ፣ ማል ብትሉኝ አልምልም። ባለቤቴ ታውቀዋለች፤ እሷን ግን ያ ቀን መቼ ነበር ብዬ መጠየቅ አይሆንልኝም። እኔ የማውቀው ዓርብ እንደነበር ነው። ዓርብነቱንም የያዝኩት ከላያችን ይኖር የነበረው ሱዳን ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ስለነበረ ነው።

ሱዳኑ ሞተ። የነገረኝ ሽፋ ነው። ሽፋ የስልጤ ሰው ነው፤ ድሮ የምንኖርበት ቤት በር ላይ ስኳርና ሳሙና፣ ሻማና ዘይት ይሸጥ ነበር። ሰፈሩ ከተነሳ ወዲህ ሁላችንም ተበታትነናል፤ እኛ በአንዱ የከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ እሱ በሌላው ዳር ሱቅ ከፈተ። አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። ይህን የነገረኝ ዕለት እንደወትሮው ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፣ ስለ ኑሮው ውድነት አወራን፣ ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ተቀምጠዋል?»

«ተቀምጫለሁ። ምነው?»

«ያ ሱዳን ጎረቤታችን አረፈ አሉ። እዚያው ካይሮ፣ ልጆቹ መሀል ነው።»

«መቼ?»

«ቆይቷል አሉ፤ እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት። ለእርስዎ ሳልነግር ብውል ያንቀኛል ብዬ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁና ጣሪያውን አየሁ። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ሲሚንቶ ነው። ከላይ ማን እንደሚኖር አላውቅም፤ ሲራመድም አይሰማኝም።

የድሮውን ቤት ላላየው ሰው እንግዲህ ልንገር። ከምኒልክ አደባባይ ወርደህ ወደ እሪ በከንቱ ስትታጠፍ የሚገኝ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ነበር። ጥንት የአንድ አርመን ነጋዴ ነበር ይባላል። ሰውየው ለአንድ ቤተሰብ የሠራውን በኋላ ለብዙ አባወራ ከፋፈሉት። ሳሎኑ ሁለት ቤት ሆነ፣ መኝታ ክፍሉ አንድ ቤት፣ ዕቃ ማስቀመጫውም አንድ ቤት። ለእኔና ለባለቤቴ ለየሺ የምግብ አዳራሹ ግማሽ ደረሰን። ግድግዳው ላይ የወይን ዘለላ የተቀረጸበት እንጨት ነበር፤ ዘለላው መሀሉ ላይ ተቆርጦ ግማሹ ከእኛ ጋ፣ ግማሹ ከጎረቤት ጋ ቀርቷል።

እዚያ ቤት ለመኖር መማር ያስፈልጋል። ቆጣሪው አንድ ነው፤ ሁለት ሰው ምድጃ አንድ ላይ ከሰካ ቤቱ ሁሉ ጭልም ይላል። ስለዚህ የሚሰካ ሰው መጀመሪያ ወደ ግቢው «ሰካሁ!» ብሎ ይጮሃል፤ ሲጨርስ ደግሞ «ነቀልኩ!» ይላል። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ እንዳይጠፋ ወፍራም እንጨት ላይ ታስሮ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። የደረጃው አንዱ እርከን በስብሷል፤ እኛ እንዘለዋለን፣ እንግዳ ሲረግጠው ያቃስታል፤ ስለዚህ እንግዳ መምጣቱን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። በር ሲዘጋ ከፍ ተደርጎ ነው። የእኛ ጣሪያ ደግሞ ከላይ ለሚኖረው ሰው ወለሉ ነው፤ ሳንቃ ብቻ ነው መሀላችን ያለው። ላይ ሰው ሲያስነጥሰው እኛ ታች «ይማርህ» እንላለን።

ሱዳኑ የመጣው አገሩ ጦርነት ሲነሳ ነው። ሚስቱና ልጆቹ በአንድ በኩል ወደ ግብፅ ወጡ፣ እሱ በሌላ በኩል በመተማ አድርጎ እኛ ጋ ደረሰ፤ ወረቀቱ እስኪያልቅለት ድረስ ሊጠብቅ። ክፍሏን ያገኘለት ሽፋ ነው። ረጅም ቀጭን ሰው ነበር፤ ጢሙ ሸብቷል፣ ጀለቢያው ሁልጊዜ ነጭ ነው። አገሩ ላይ ሕፃናት ሲያስተምር የኖረ ነው አሉ። አንድ ሻንጣና አንድ ባልዲ ይዞ መጣ፤ ከዚያም የበሰበሰውን እርከን ረገጠና ቤቱ ሁሉ ሰማው።

በመጀመሪያው ምሽት አልጋውን ጎትቶ በረንዳ ላይ አወጣው። ለካስ እነሱ አገር ሰው ሰማይ ሥር ነው የሚተኛው። ሲነጋ እትዬ ዘርፌ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተኮራምቶ አገኘችው። እትዬ ዘርፌ የቤታችን አውራ ናት፤ ሳታውቅ ሚስማር እንኳ አይመታም።

«አንተ ሰውዬ! ምን ሆነህ ነው? በር ዘጉብህ?»

«ውስጥ መተኛት አልችልም፣ አንቺ። ሰማይ የለም።»

«እዚህ ሰማዩ ሳንባ ምች ነው የሚሰጥህ! ግባ!»

«ውይ እኔን! ብርዱ! አፈር ስሆን!» አለና አልጋውን መልሶ ይጎትት ጀመር።

ሁላችንም ያን ጊዜ ነው አማርኛውን የሰማነው። ለካስ የተማረው አገሩ ላይ እቤቱ አጠገብ ሻይ ከምትሸጥ ከእኛ አገር ሴት ኖሯል። ስለዚህ ያ የተከበረ ሽማግሌ እንደ ሴት ነው የሚያወራው። ሲደነግጥ «እኔን!» ይላል፣ ሲያዝን «በሞትኩት!» ይላል፣ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል። ዘርፌ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሻይ ሻጯ ጢም አብቅላ መጣችላችሁ!» አለች። ሽፋ ሊያርመው ቢሞክርም አልሆነም። እኔም በኋላ ለመድኩት፤ «ጋሽ ደምሴ፣ አደርሽ?» ሲለኝ «ደህና አደርኩ» እላለሁ።

ሌላው ጠባዩ ውሃ ነው። ዓርብ ዓርብ ክፍሉን በባልዲ ውሃ ያጥባል፤ እነሱ አገር ወለሉ አሸዋና ሸክላ ነው፣ ውሃው ይገባና ቤቱ ይቀዘቅዛል። እኛ ጋ ግን ውሃው የሚገባው የእኔ ምሳ ላይ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ሲያጥብ የሺ ወጥ ልታወጣ ቆማ ነበር።

«ደምሴ! ሰማይ ተቀደደ!» አለች።

እሱ በሳንቃው መሀል ድምፃችንን ሰምቶ እየሮጠ ወረደ። ጥምጣሙን ፈትቶ ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ እኔንም ሳይቀር ሊያደርቅ ጀመረ። «እኔን ይድፋኝ! አንቺ ላይ ፈሰሰ?» ይላል። የሺ ልትቆጣ አስባ ነበር፣ አቃታት። ከዚያ ወዲያ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወለውላል፤ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ይረሳና ጠብ፣ ጠብ ይልብናል። ያኔ የሺ በመጥረጊያው እጀታ ጣሪያውን ትመታለች፤ እሱም ከላይ «ይቅርታ!» ይላል።

ከወራት በኋላ ወንድሙ ሞተ። ከተማቸው ኡምዱርማን ላይ ነው፣ በጦርነቱ። በስልክ ነው የሰማው፤ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ሆኖ። እኛ ያወቅነው ያ የበሰበሰ እርከን ደጋግሞ ሲያቃስት ነው። የአገሩ ሰዎች ከየሰፈሩ እየመጡ ወደ ላይ ይወጣሉ። እኔም ከሽፋ ጋር ወጣሁ። የሚገባው ሁሉ «እንዴት ነህ» አይልም፤ ፊቱ ቆሞ ሁለት መዳፉን ደረቱ ፊት ይዘረጋል፣ አንድ ቃል ይላል፣ ሱዳኑም ይዘረጋል፣ ከዚያ ሁለቱም ፊታቸውን ያብሱና ይቀመጣሉ።

«ፋቲሓ ነው፣ የቁርአን መክፈቻ ጸሎት» አለኝ ሽፋ በጆሮዬ። «እነሱ አገር ሐዘንተኛን ባገኙበት ቦታ፣ መንገድም ይሁን ገበያ፣ እጅ ዘርግቶ ፋቲሓ ማለት ግድ ነው። ሳይሉ ማለፍ ትልቅ ነውር ነው።»

እኔም እንዳየሁት መዳፌን ዘረጋሁና «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። እጆቼን ይዞ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም።

እኛ ግን ሐዘን የምንነግረው በሌላ ሥርዓት ነው። መርዶ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሰውየው የሚደገፍበት ትከሻ አጠገቡ መኖሩ ይታያል፣ ከዚያ ጎሕ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ ቤቱ ሁሉ ይስቃል፣ ሰላም ይላል፣ ምንም እንዳልሆነ ይሆናል። እኔ ራሴ ስንት በር አንኳኩቻለሁ። ዳቦ ቤት ምድጃ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የምነቃው ከወፍ በፊት ስለሆነ ለመርዶ ቶሎ እጠራለሁ።

የዚያን ዓርብ አምስት ኪሎ ሄጄ ለየሺ መድኃኒት ገዝቼ እመለሳለሁ። ልቧ ደካማ ነው። ሐኪሙ «ድንገተኛ ነገር እንዳይነገራት» ብሎኝ ነበር። ግቢ ስገባ ቧንቧው ዙሪያ የነበሩት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። ዘርፌ «ደህና ዋልክ ደምሴ?» አለችኝ፤ አባባሏ ለሰለሰብኝ። ዘርፌ ለስልሳ አታውቅም። ብቻ ልብ አላልኩትም፤ አለፍኩ።

ደረጃው ሥር ስደርስ ሱዳኑ ከሶላት ይመለሳል። አየኝና ቆመ። ጫማውን አወለቀ። ፊቴ መጥቶ ሁለቱን መዳፎቹን ደረቱ ፊት ዘረጋ።

መጀመሪያ እሱ ሌላ ሰው የሞተበት መሰለኝ። የመድኃኒቱን ከረጢት ብብቴ ሥር አድርጌ እኔም እጄን ዘረጋሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፣ ፊቱን አበሰ። ከዚያ ጠየቅኩት።

«ለማን ነው?»

«ለልጅሽ» አለ። «ለመሲ።»

መሠረት ልጃችን ናት፤ አንድ ለእናቷ። ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር።

እሱ ፊቴን አየ፤ ያን ጊዜ ገባው። አፉን በእጁ ያዘ። «አታውቂም?» አለ። «አልነገሩሽም? ሽፋ ነገረኝ እኮ፣ ሱቅ ሁሉም ያውቃል... ውይ፣ ውይ፣ እኔ ምን አደረግሁ!»

እሱን «ለደምሴ እንዳትነግር» ያለው ማንም የለም። እንዴት ብለው ይሉታል? ይህ የሚነገር ነገር ነው እንዴ? እኛ እናታችን ጉያ ውስጥ ሆነን ያወቅነው ነገር ስለሆነ፣ የማያውቅ ሰው ዓለም ላይ አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም። እሱ ደግሞ ሐዘንተኛ አግኝቶ እጅ ሳይዘረጋ ማለፍ አይችልም።

የደረጃውን መደገፊያ ያዝኩ። የቤታችን በር ገርበብ ብሏል፤ የሺ ውስጥ ምስር ትለቅማለች፣ እያንጎራጎረች ነው። ሱዳኑ በብብቴ ገብቶ ደገፈኝ፣ ከፍ አድርጎ ደረጃውን አወጣኝ፤ እኔን ተሸክሞ እንኳ የበሰበሰውን እርከን ሳይረግጥ ዘለለው። ክፍሉ አስገባኝ፣ አልጋው ላይ አስቀመጠኝ፣ በሩን ከፍ አድርጎ ዘጋው። ልጮህ አፌን ስከፍት ጥምጣሙን ሰጠኝ፤ ነከስኩት። ከሥሬ ሳንቃ ነው፣ ከሳንቃው ሥር የሺ ናት። እሱ ተነስቶ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። አንድ የዓረብ ዘፋኝ ቤቱን ሞላው። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከታች መጥረጊያው ጣሪያውን ደበደበ፤ «ኧረ ጆሯችን!» ትላለች የሺ። የልጄን ሞት ያለቀስኩት እንዲህ ነው።

ስረጋ ነገሩን ገጣጠምኩት። ዘርፌ በዋዜማው «የኔ ተበላሸብኝ» ብላ የየሺን ስልክ ተውሳ አልመለሰችም። የየሺ እህት ጅማ ናት፤ ከቅዳሜ ማታ በፊት አትደርስም፣ እሷን እየጠበቁ ነው። ስለዚህ መርዶው እሑድ ጎሕ ሲቀድ ነው።

ሱዳኑ የበሩን እጀታ ያዘ። «ልሂድና ለሽፋ ልንገር። እኔ ነኝ ጥፋቱ። እኔ አጠፋሁ ልበል።»

«የለም» አልኩት። «ከነገርክ ዛሬውኑ ተሯሩጠው ይመጣሉ። እህቷ የለችም፣ የሚይዛት የለም። ልቧ ይቆማል። እሑድ እህቷ አጠገቧ ሆና ትስማ።»

«አንቺስ?»

«እኔ እንዳላወቅኩ እሆናለሁ።»

እንዲህ ማለት ቀላል ነው። የሺ ግን ስንት ዘመን ፊቴን ስታይ የኖረች ሴት ናት። ዳቦ ካረረብኝ እንኳ በር ላይ ሆና ታውቃለች። እኔ በአንድ ክፍል ውስጥ ከሷ ጋር እስከ እሑድ ይህን ይዤ እንዴት ልቀመጥ? ይህን አልኩት። ክፍሉን አየ፤ ዓይኑ ባልዲው ላይ አረፈ።

«እኔ ከላይ ሁሉን እሰማለሁ» አለኝ። «ሲከብድሽ አውቃለሁ። ያኔ ውሃ እደፋለሁ። አንቺ ልትቆጪኝ ትመጫለሽ።»

ፊቴን በዚያው ባልዲ ታጥቤ ወረድኩ።

የዚያኑ ዕለት ማታ የሺ ሽሮና በርበሬ ልታዘጋጅ ተነሳች። ወደ ቤይሩት የምትሄድ የሰው ልጅ አግኝታ ነበር፤ ለመሲ ልትልክላት ነው።

«አፉን ያዝልኝ እስቲ» አለችኝ። ከረጢቱን ያዝኩላት። በጭልፋ ትጨምራለች። «ባለፈው በርበሬው አነሰ ብላኛለች። እዚያ የሚበሉት ነገር ጨው እንኳ የለውም አሉ። አበዛሁት እንዴ?»

«አላበዛሽም።»

«ዛሬም አልደወለችም። ዘርፌ ስልኬን በልታ ቀረች መሰለኝ። ምን ትላለህ፣ ደውላ አጥታኝ ይሆን?»

ፊቴን ወደ ከረጢቱ ደፋሁ። እሷ ቀና ልትል ነው። ያን ጊዜ ጠብ አለ። አንድ ጠብታ እጇ ላይ፣ ሌላው ሽሮው ላይ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ወረደ።

«ወይ ጉድ! ደግሞ ጀመረው! የልጄን ሽሮ! ሂድ፣ ሂድ ንገረው፣ ዛሬስ አበዛው!»

እየሮጥኩ ወጣሁ። ሱዳኑ ክፍሉ መሀል ባልዲውን ይዞ ቆሟል፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ረጥቧል። በሩን ዘጋሁ።

«አንተ ሰውዬ! ስንቴ ነው የምንነግርህ!» ብዬ ጮህኩ፤ እንባዬ አንገቴ ድረስ ይወርዳል።

«ይቅርታ ጋሽ ደምሴ! ይቅርታ!» ይላል እሱ ጮክ ብሎ፤ የሱም እንባ ጢሙ ውስጥ ይገባል።

«የሰው ቤት ነው ወይስ ወንዝ ነው!»

«አጠፋሁ! ሁለተኛ አይለመደኝም!»

እየተሳደብኩ አለቀስኩ፣ እየተሰደበ አለቀሰ። ሲያልፍልኝ ፊቴን አጠብኩና ወረድኩ። የሺ «በለው!» አለችኝ፤ ተናድጄ መስሏት ነው ዓይኔ የቀላው።

ቅዳሜ ሙሉውን እንዲሁ ዋልን። እሷ የመሲን ስም በጠራች ቁጥር ከላይ ባልዲው ይንቀሳቀሳል። አንድም ጊዜ አልጠራሁትም፤ አንድም ጊዜ አልዘገየም። ከዚያ በላይ ሰው ሰምቶኝ አያውቅም።

ሌላው ግን አያውቅም። ዘርፌ ግቢው ውስጥ ያዘችው፤ እኔ በመስኮት እሰማለሁ።

«አበድክ እንዴ? በዛሬው ቀን እነዚህን ሰዎች ውሃ የምታጠጣቸው? ምን የሚጠብቃቸው መሰለህ? ትንሽ ልብ የለህም?»

«የለኝም፣ እትዬ ዘርፌ። ይቅር በይኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ከዚህ ቧንቧ ሁለተኛ እንዳትቀዳ! ባልዲህን ሳየው እሰብረዋለሁ!»

እውነቱን አንድ ቃል ቢናገር ዘርፌ እግሩ ላይ ትወድቅ ነበር። አልተናገረም። ባልዲውን አንስቶ ወደ ሽፋ ሱቅ ሄደና ከሽፋ በርሜል ለምኖ ቀዳ። ሴቶቹ እያዩት ምራቃቸውን እንትፍ አሉ። እሱ ደረጃውን ወጣ።

የባሰው ቅዳሜ ወደ ማታ ላይ መጣ። የሺ እራት አቅርባ እኔ አልበላ አልኩ። ቁርሱንም ምሳውንም እንደነካካሁ ትቼው ነበር። እጇን ታጥባ መጥታ ፊቴ ተቀመጠች።

«ደምሴ፣ እየኝ። የምትደብቀኝ ነገር አለ።»

«ምን አለ? ጉልበቴ ነው።»

«ጉልበትህን አውቀዋለሁ፣ እንዲህ አያደርግህም። ማነው የሆነው? እህቴ ናት? ንገረኝ።»

ቀስ በቀስ ወደ እውነቱ እየመጣች ነበር፤ ከእህቷ ቀጥሎ የምትጠራውን ስም አውቃለሁ። ውሃ ቢደፋ እንኳ አሁን አትሰማም፤ እጄን ይዛለች። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ሱዳኑ ነው። ጥምጣም የለም፣ ጀለቢያው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፣ አንድ ዱላ በሁለት እጁ ይዟል። የሺ ፊት ተንበረከከና ዱላውን አቀረበላት።

«እትዬ የሺ፣ ምቺኝ» አለ።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ሽሮሽን አበላሸሁ። ጋሽ ደምሴ በእኔ ምክንያት እራት አልበላ አለ፤ በንዴት ሊሞት ነው። በሞትኩት! ምቺኝና ይብላ።»

የሺ ዱላውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ያንን ረጅም ሽማግሌ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ተንበርክኮ አየችው። ከዚያ ሳቀች። ከልቧ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ። «ለዚህ ነው አንተ ሁለት ቀን የምታኮርፈው? በውሃ?» አለችኝ። «ተነስ፣ ተነስ፣ አንተም ብላ» ብላ እሱን አጠገባችን አስቀመጠችው። እሱ ቆርሶ እኔን አጎረሰኝ። ዋጥኩት፤ እንዴት እንደወረደልኝ አላውቅም።

ያ ሳቋ የመጨረሻው ነበር። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም ማለቴ አይደለም፤ እንደዚያ ግን አልሳቀችም።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሽፋ ነው፣ ንስሐ አባታችን ናቸው፣ ዘርፌ ናት፣ ከኋላ ደግሞ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች ሴት አለች። የሺ እህቷን አየች፤ ቃል የሚናገር ሰው አላስፈለጋትም። «መሲዬ!» አለች። እኔ ቀድሜ ቆሜ ስለነበር ስትወድቅ እጄ ላይ ነው የወደቀችው። ያዝኳት። የኔን ለቅሶ ከላይ ጨርሼዋለሁ፤ እጄ ለሷ ነፃ ነበር። እህቷ በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል ሆነን፣ መድኃኒቷንም አጠጥተን፣ ያቺን ጠዋት አሳለፍናት። አስከሬኗ በኋላ መጣ፤ ጊዮርጊስ ቀበርናት።

«ደምሴ ልቡ ድንጋይ ነው» ተባለ። «እንባ ጠብ አላለለትም እኮ» አሉ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ። ይበሉ። ሱዳኑ ድንኳኑ ጥግ ጫማውን አውልቆ ይቀመጥ ነበር፤ ከሽፋ በርሜል ለለቀስተኛው እጅ መታጠቢያ ውሃ ያመላልስ ነበር። ዘርፌ በስንት ጊዜ ልቧ ራርቶ ቧንቧውን ፈቀደችለት፤ ይቅርታ ያደረገችለት መስሏት ነው። እሱም «እግዜር ይስጥሽ» አላት።

ወረቀቱ አልቆለት ወደ ልጆቹ ሲሄድ ስለዚያ ነገር አንዴም አላነሳንም። ደረጃው ሥር ተሰነባበትን። እኛም ብዙ ሳንቆይ ከቤቱ ወጣን፤ ቤቱም የለም።

ሽፋ የደወለልኝ ቀን ስልኩን ይዤ እንደተቀመጥኩ የሺ ከጓዳ መጣች።

«ማነው የደወለው?»

«ሽፋ ነው። ያ ሱዳን አረፈ።»

«የኛ ሱዳን? ነፍስ ይማር! ደግ ሰው ነበር፤ ያችን የውሃ ነገሩን ትቼለት።»

ያን ጊዜ ነገርኳት። ከደረጃው ሥር ጀምሬ እስከ ዱላው ድረስ፣ ምንም ሳላስቀር። መሀል ላይ ሄዳ ምድጃውን አጠፋችና ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ስጨርስ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር።

«አንተ ከላይ ስታለቅስ እኔ ከታች በመጥረጊያ እደበድብ ነበር?» አለች።

«አላወቅሽም።»

«እንኳን ብቻህን አልሆንክ» አለች። ነጠላዋን ከሚስማሩ አወረደች። ቤተ ክርስቲያኑ ከኛ ሕንፃ ትንሽ ይርቃል፤ ቀስ እያልን ነው የምንሄደው።

«ወዴት ነው?»

«ሻማ ላበራለት። ስሙን ንገረኝ፤ ስም ሳልጠራ አላበራም።»

«እስላም ነው እኮ፣ የሺ።»

«እግዜርን እኔ አስረዳዋለሁ። አንተ ስሙን ብቻ ንገረኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሱዳኑ፣ ሱዳኑ ስንለው አልጠየቅኩም።»

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ፤ ያን ዓርብ፣ ጥምጣሙን ከአፌ ላይ ሲወስድ። ነገርኳት፤ እሷም እንዳይጠፋት በሩ ላይ ቆማ ደጋገመችው። ባቢክር ኢድሪስ፣ የኡምዱርማን ሰው።